ጠንቋይዋ የማትታይበት ፊልም፦ የተወራለትን ያህል ነው?

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት አደረ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም። እሱና ጓደኞቹ አስፈሪ ፊልም ካገኙ እራትም አይፈልጉም። ሰፈር ካለው ፊልም ቤት ያስጫነውን ፍላሽ ቲቪው ላይ ሰካና «ጋሼ፣ ይሄን አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው። ስንቴ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ምንም ሳልለው አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ ትንሽ ጠበቀ። ሌላ ነገር የሚመጣ መስሎት ነው። ከዚያ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርወር አደረገና «ተበላን!» አለ። «በዓለም አንደኛ አስፈሪ ፊልም ነው ሲባል አልነበር? ሦስት ሰዎች ጫካ ውስጥ ሲጨቃጨቁ አይደል እንዴ ያየነው? ጠንቋይዋስ የታለች?»

እውነቱን ነው። ጠንቋይዋ የለችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም አትታይም። ግን «የተወራለትን ያህል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአዎ ወይም በአይደለም አይመለስም። እስከ እኩለ ሌሊት ስናወራ አመሸን። እሁድ ጠዋት ቡና ሲፈላም ክርክሩ አላለቀም። እዚህ የምጽፈው ለሱ የነገርኩትን ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ። መጨረሻውንም ስለማነሳ፣ ያላየ ሰው ካለ ቀድሞ አይቶ ይመለስ።

መጀመሪያ ስለ ዓይነቱ። እንዲህ ያለውን ፊልም «ፋውንድ ፉቴጅ» ይሉታል። ወድቆ የተገኘ ቀረጻ እንደማለት ነው። ሌላ ፊልም ስናይ ካሜራውን ማን እንደያዘው አንጠይቅም። ባለታሪኮቹ ካሜራ መኖሩን አያውቁም፣ እኛም እንረሳዋለን። በዚህኛው ግን ካሜራው ራሱ ታሪኩ ውስጥ አለ። ይዞት የሚሮጥ ሰው አለ። ሰውየው ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ሲወድቅ እኛም መሬት ላይ ተጋድመን ሣር እናያለን። ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ቀራጮቹ ጠፍተዋል ወይም ሞተዋል፣ የተረፈው ካሜራቸው ብቻ ነው።

ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ነው፣ ከተማው አልቆ ኮረብታው በሚጀምርበት ጫፍ ላይ። የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ ቪዲዮ ይለቀቃል። ሌሊት ነው። ምስሉ ጥቁር ነው። አንድ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከሩቅ የሆነ ነገር ኮሽ ይላል። «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስልኩ ወደ መሬት ይዞራል፣ ነጠላ ጫማ ይታያል፣ ሩጫ ነው፣ አለቀ። ምንም ያየነው ነገር የለም። ግን ያን ምሽት ቆሻሻ ለመጣል ወደ ታች የሚወርድ ሰው አይገኝም።

ያው ቪዲዮ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ሙዚቃ ገብቶበት፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ቢመጣ ኖሮ «ባክህ ኤዲት ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ያመነው ጥራት ስለሌለው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፊልም የሚኖረውም በዚሁ ነው። የምስሉ መበላሸት የእውነትነቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

አሁን ወደ ፊልሙ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራቸው። ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ የሚባሉ ሁለት ወጣት ፊልም ሠሪዎች በ1997 ኦክቶበር ላይ ሦስት ብዙም የማይታወቁ ተዋናዮችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለ ጫካ አስገቡ። ሔዘር ዶናሂው፣ ጆሹዋ (ጆሽ) ሊዮናርድና ማይክል (ማይክ) ዊሊያምስ ናቸው። ፊልሙ ውስጥም የሚጠሩት በገዛ ስማቸው ነው። ይህ ስም ነገር በኋላ ጣጣ ያመጣባቸዋል፣ እመለስበታለሁ።

ቀረጻው 8 ቀን ፈጀ። ካሜራማን የለም። የቀረጹት ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው። ተጽፎ የተሰጣቸው ንግግርም የለም። በጂፒኤስ እየተመሩ ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ፣ እዚያ ሲደርሱ ለየብቻ የተጻፈላቸው ማስታወሻ ይጠብቃቸዋል። አንዱ የሌላውን አያይም። የሚሰጣቸው ምግብ ቀን በቀን እየተቀነሰ ሄደ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሠሪዎቹ ተደብቀው ይመጡና ድንኳኑን ያናውጣሉ፣ የሕፃናት ድምፅ በቴፕ ያጫውታሉ። እና የምናየው ብርድ፣ ድካምና ብስጭት አብዛኛው የምር ነው። ልጁ የሰለቸው ጭቅጭቅ የተራቡና እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ጭቅጭቅ ነው። በመጨረሻ ወደ 20 ሰዓት ከሚጠጋ ቀረጻ ውስጥ 81 ደቂቃ ተመርጦ ወጣ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሦስት የፊልም ተማሪዎች ስለ አንዲት የጥንት ጠንቋይ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ቡርኪትስቪል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይሄዳሉ። ሰው ይጠይቃሉ። ጫካ ይገባሉ። መንገዱ ይጠፋባቸዋል። ሌሊት ድምፅ ይሰማሉ፣ ጠዋት ድንኳናቸው ደጃፍ ላይ የድንጋይ ክምር ያገኛሉ። ዛፎቹ ላይ ከጭራሮ ታስረው የተንጠለጠሉ ሰው መሳይ ነገሮች ያያሉ። አንዱ ይጠፋል። የቀሩት ሁለቱ አንድ የፈራረሰ ቤት ውስጥ ይገባሉ።

«ጠንቋይ» የሚለው ቃል ላይ አንድ ነገር ላስተካክል፣ የልጁ ቅሬታ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እኛ ጠንቋይ ስንል ቤቱ የሚኬድ፣ ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል፣ ዕድል የሚናገር ሰው ነው ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው። የፊልሙ «ዊች» እንዲህ አይደለችም። ድሮ ከመንደር ተባርራ ጫካ የቀረች፣ ሞታም ቦታውን ያልለቀቀች መንፈስ ናት። ወደ ጋኔን ነው የምትጠጋው። ልጁ አንዲት አሮጊት መጥታ ስትደግም እስኪያይ ይጠብቅ ነበር። አሮጊቷ ግን አካል የላትም።

አፈ ታሪኩም ቢሆን የዚያ አገር ሰው ተረት አይደለም። ሁለቱ ፊልም ሠሪዎች ቁጭ ብለው የፈጠሩት ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ግን ቡርኪትስቪል የምር ከተማ ስለሆነች ጎብኚ ጎረፈባት። የከተማዋ ስም ያለባቸው ታፔላዎች ሳይቀሩ ተሰረቁ።

ይሄ ሁሉ የሆነው በወሬው ጉልበት ነው። ወሬውን ሳይረዱ ደግሞ በፊልሙ ላይ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

በ1998 ኢንተርኔት ለአብዛኛው የዓለም ሰው ገና አዲስ ነበር። ሠሪዎቹ ድረ ገጽ ከፈቱ። ድረ ገጹ «ፊልም ልናወጣ ነው» አይልም። ሦስት ተማሪዎች ጠፍተዋል ነው የሚለው። የፖሊስ ማስረጃ የሚመስሉ ፎቶዎች አሉት። የጠንቋይዋ ታሪክ ከ1785 ጀምሮ ዓመት እየተጠቀሰ ተዘርዝሯል። በጃንዋሪ 1999 ፊልሙ ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ የሦስቱ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተበተነ። እዚህ የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ የምናየውን «አፋልጉኝ» አስቡት። ልክ እሱን የመሰለ ነው። «አፋልጉኝ» ያየ ሰው እውነት ነው ውሸት ብሎ አይመራመርም። ፎቶውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ያልፋል።

አርቲዛን የተባለው አከፋፋይ ፊልሙን በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ስለ ጠንቋይዋ የሚያወራ ሌላ የውሸት ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ተላለፈ። አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ተዋናዮቹ «ጠፍተዋል፣ ሳይሞቱ አይቀሩም» ተብለው ተጻፉ። ተዋናዮቹም ሰው ፊት እንዳይታዩ ተነገራቸው። የሔዘር እናት የሐዘን መግለጫ ካርድ ይደርሳቸው ጀመር። ልጃቸው በሕይወት እያለች ማለት ነው። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። እኛ አገር በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ ማውራት እንኳን ለገንዘብ፣ ለቀልድም አይደረግም።

ፊልሙ በጁላይ 1999 በ27 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ተጀመረ። ሰልፉ መንገድ ዘጋ። ከዚያ በመላው አገሪቱ ተለቀቀ። በዓለም ዙሪያ ያስገባው ገንዘብ ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ጫካ ውስጥ የተካሄደው ቀረጻ የፈጀው ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ብቻ ነው። ሆኖም «ካሜራ ካለህ ሀብታም ትሆናለህ» እየተባለ ለወጣቶች የሚነገረው ነገር ሒሳቡ ጎደሎ ነው። አከፋፋዩ ለድምፅ ማስተካከያና ለተጨማሪ ቀረጻ ገንዘብ ጨምሯል፣ ለማስታወቂያ ደግሞ ሚሊዮኖች አፍስሷል። ፊልሙ በርካሽ ተሠራ፣ ወሬው ግን ርካሽ አልነበረም።

ዘዴውም አዲስ አልነበረም። በ1980 ጣሊያናዊው ሩጌሮ ዲዮዳቶ «ካኒባል ሆሎኮስት» የተባለ ፊልም ሠርቶ ነበር። ተዋናዮቹ ለአንድ ዓመት ከሰው እንዲሰወሩ ተዋውለው ስለነበር የጣሊያን ባለሥልጣናት «በእውነት አስገድሏቸዋል» ብለው ዳይሬክተሩን ያዙት። ተዋናዮቹን አምጥቶ በሕይወት መኖራቸውን እስኪያሳይ ድረስ መከራውን አየ። ያንን ፊልም እንድታዩት ግን አልመክርም። እንስሳት የምር ተገድለውበታል።

እና ሰው «ብሌር ዊች»ን ሲያይ ምን አለ? ተከፋፈለ። ታዋቂው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከ4 ኮከብ 4 ሰጠው። ተመልካች ከሲኒማ ሲወጣ እየጠየቀ ውጤት የሚሰበስበው ሲኒማስኮር ግን ከሕዝቡ ያገኘው «ሲ ፕላስ» ነው። ሔዘር ለመጥፎ ትወና የሚሰጠውን የራዚ ሽልማት ተሸለመች። አንዳንዱ ሰው በካሜራው መወዛወዝ አዙሮት አስመለሰው። ስለዚህ «ተበላን» ያለው የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው አይደለም። በዚያን ጊዜም ብዙዎች እንደሱ እያጉረመረሙ ወጥተዋል።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ወሬው ሁለት ቃል ገብቶ ነበር። «እውነት ነው» እና «ከሁሉም አስፈሪ ነው»። የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ትከሻ ላይ የቆመ ነው። በ1999 ሲኒማ የገባ ሰው «እውነት ቢሆንስ?» የምትል ጥርጣሬ ይዞ ነው የገባው። ያቺ ጥርጣሬ የፊልሙ ግማሽ ነበረች። የእህቴ ልጅ ደግሞ ፍላሹን ከመሰካቱ በፊት ተዋናዮቹ ዛሬ ምን እንደሚመስሉ ስልኩ ላይ አይቷል። «እንቆቅልህ» ሲሉት መልሱን ቀድሞ እንደሰማ ሰው ነው። «ምን አውቅልህ» ይላል፣ ግን ልቡ አይሰቀልም።

ሌላም ነገር አለ። የእህቴ ልጅ የዚህን ፊልም ልጆች አይቶ ነው ወደ አባትየው የመጣው። ኦረን ፔሊ ሳን ዲየጎ ያለ የገዛ ቤቱ ውስጥ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ የሠራውን «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን አይቷል። እዚያ ካሜራው መኝታ ቤት ቆሞ አይነቃነቅም፣ እኛ በሩን አፍጥጠን እናያለን፣ በሩ በመጨረሻ ይንቀሳቀሳል። የስፔኑን «ሬክ»ንም አይቷል። እዚያ ደግሞ ጥርሱን ያገጠጠ ነገር እየሮጠ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ከ«ብሌር ዊች» የተማሩ ናቸው። ግን መጨረሻ ላይ ለተመልካቹ ሒሳቡን ይከፍላሉ፣ አንድ ነገር ያሳያሉ። «ብሌር ዊች» አያሳይም።

ሊያሳይ ግን አስቦ ነበር። ድንኳኑ በሚናወጥበት ሌሊት ሦስቱ ወደ ጨለማው ይሮጣሉ፣ ሔዘር ወደ ጎን አይታ «ያ ምንድነው?» እያለች ትጮሃለች። በዚያች ሰዓት ነጭ በነጭ የለበሰ አንድ የቀረጻው ባልደረባ እውነት እዚያ ቆሞ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ መዞሩን ረሳውና ሳይቀረጽ ቀረ። በኔ እምነት ፊልሙን ያዳነው ይሄ ስህተት ነው። ነጭ የለበሰ ሰው ብናይ ኖሮ «አሃ፣ ሰው ነው» ብለን እንተኛ ነበር። አሁን ያለን የሔዘር ጩኸት ብቻ ነው።

ታዲያ ወሬው ሁሉ ቢራገፍ ምን ይቀራል? ይሄን ለልጁ ለማስረዳት ከፊልሙ ወጥቼ የራሴን ነገር ነው የነገርኩት።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። ልጅ ሆነን የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለመልቀም እንጦጦ እንወጣ ነበር። አንድ ነሐሴ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወጣን። ጭጋግ ወረደ። ባህር ዛፍ በጭጋግ ውስጥ ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቃል። ሁሉም ዛፍ አንድ ነው። ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ። ወንድሜ «ቁልቁለቱን ከያዝን ቤት እንደርሳለን» አለ። ልክ ይመስላል። ግን እንጦጦ ሁለት ቁልቁለት አለው። አንዱ ወደ ከተማው ነው፣ ሌላው ወደ ሱሉልታ። ወረድን፣ ገደል ሲሆንብን ዞርን፣ ወጣን፣ እንደገና ወረድን። በመጨረሻ አንድ ጉቶ ጋ ደረስን። ጉቶው ላይ የታሰረ ቅጠል አለ። የኛው ቅጠል ነው። ከብዶን ቅድም ጥለነው የሄድነው።

ወንድሜ ያኔ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ዞሮ እኔን ተቆጣኝ። «ያንተ ጥፋት ነው! አንተ ነህ ያስረፈድከኝ!» እያለ በክርኑ ገፋኝ። እኔም መለስኩለት። ጭጋጉ ውስጥ ቆመን እንደ ጠላት ተሰዳደብን። እንጨት የተሸከሙ እናት በድምፃችን መጥተው «የማን ልጆች ናችሁ?» ባይሉን ምን እንደምንሆን አላውቅም። ከፊት ከፊት እየሄዱ አወረዱን። ሸክማቸውን አንዴም አላወረዱም።

«ብሌር ዊች» ውስጥ ልክ ይሄው አለ። ሦስቱ ቀኑን ሙሉ በኮምፓስ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ሲመሽ ጅረት ላይ የወደቀ ግንድ ያገኛሉ። ግንዱ ጠዋት የተሻገሩበት ነው። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። አንድ ግንድ ብቻ። ሔዘር ስታየው የምታለቅሰው ልቅሶ የኔና የወንድሜ ጉቶ ነው። ማይክ ደግሞ ቀደም ብሎ ካርታውን በእርግጫ ጅረቱ ውስጥ ከትቶት ነበር፣ ምንም አይረባም ብሎ ተናዶ። ያን ሲናገር ይስቃል። የሚስቀው ደስ ብሎት አይደለም።

ልጁን «ጭቅጭቅ ያልከው እሱ ነው ፍርሃቱ» አልኩት። የጠፋ ሰው ጫካውን ሊሰድበው አይችልም። አጠገቡ ያለውን ይሰድባል።

«ለምን ካሜራውን ጥለው አይሮጡም?» የሚለው ጥያቄም የተለመደ ነው። ልጁም ጠይቆኛል። ፊልሙ ራሱ ይመልሰዋል። ጆሽ ሔዘርን «ይሄን ካሜራ ለምን እንደምትወጂው ገባኝ» ይላታል። በካሜራ ሲያዩት ነገሩ እውነት አይመስልም። ሔዘር የምትቀርጸው ለማየት አይደለም፣ ላለማየት ነው። ዛሬ የመኪና አደጋ ሲደርስ ቀድሞ ስልኩን የሚያወጣውን ሰው ሳይ ይህ ንግግር ትዝ ይለኛል።

ደግሞ ድምፁ። ፊልሙ ውስጥ «አሁን ፍራ» እያለ የሚመራ ማጀቢያ ሙዚቃ የለም። ቅጠል፣ እስትንፋስ፣ የሚሰበር እንጨት ነው ያለው። ስለዚህ ይሄ ፊልም ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የተሠራ ነው ማለት እችላለሁ። ትልቁ ማስረጃዬ መጨረሻው ነው። ሦስቱ ሁለት ካሜራ ነበራቸው። አንዱ በቀለም የሚቀርጽ ቪዲዮ ካሜራ ነው፣ ድምፅ ይቀዳል። ሌላው ጥቁርና ነጭ የሚቀርጽ 16 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ ነው፣ ብቻውን ድምፅ አይቀዳም። ፈራርሶ በቆመው ቤት ውስጥ ማይክ ቪዲዮውን ይዞ ቀድሞ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ካሜራው እዚያ ይወድቃል። ሔዘር ጥቁርና ነጩን ይዛ እየጮኸች ትከተለዋለች። ምስሉ ከሔዘር እጅ ነው። ድምፁ ግን ከታች፣ ከወደቀው ካሜራ ነው። ስለዚህ በእሷ ዓይን እያየን ጩኸቷን የምንሰማው ከሩቅ ነው። ደረጃውን ስትወርድ ገና እየቀረበ ይመጣል። የገዛ ድምፅህ ከሌላ ክፍል ሲሰማህ እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ሰውነቱን ይሰቅቀዋል።

ምድር ቤት ስትደርስ ማይክ ፊቱን ወደ ግድግዳው ጥግ አዙሮ ቆሟል። አይዞርም። ሔዘር ትወድቃለች። አለቀ። ይህ ትርጉም የሚሰጠው ፊልሙ መጀመሪያ ላይ አንድ የከተማው ሰው ስለ ድሮ ነፍሰ ገዳይ የሚናገረውን የሰማ ሰው ብቻ ነው። ገዳዩ ሕፃናትን ሁለት ሁለት እያደረገ ይወስድ ነበር፣ አንዱን ሲገድል ሌላውን ፊቱን ወደ ጥግ አዙሮ ያቆመው ነበር። ይህ በተነገረ ሰዓት የእህቴ ልጅ ኩሽና ነበር፣ ፈንዲሻ ሊያመጣ። ለሱ ማይክ ዝም ብሎ ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው።

ሁሉንም አደንቃለሁ ማለቴ አይደለም። መሐሉ ላይ ይጎትታል። አሥር ደቂቃ ቢቀነስለት አይጎዳም። «በዓለም አንደኛ አስፈሪ» የሚለውንም አልቀበልም። ግን ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ ፊልሞች ደንግጬ ረስቻቸዋለሁ፣ ያን ግንድ ግን አልረሳሁትም። ለዚያ ያህል ምስጋና ይገባዋል፣ ያውም ብዙ።

የሚያንገበግበኝ የተዋናዮቹ ነገር ነው። ፊልሙን የቀረጹት እነሱ ናቸው። ንግግሩን የፈጠሩት እነሱ ናቸው። ሔዘር ባትሪ ፊቷ ላይ አብርታ፣ እንባና ንፍጧ እየወረደ፣ የጓደኞቿን እናቶችና የገዛ እናቷን ይቅርታ የምትለምንበት ምስል ፊልሙን በዓለም ያስተዋወቀ ነው። ግማሽ ፊቷ ብቻ የገባው ካሜራውን ራሷ ስለያዘችው ነው። ሙሉ ፊቷ የገባ መስሏት ነበር። ፊልሙ ካስገባው ገንዘብ አንጻር ግን የደረሳቸው እጅግ ትንሽ ነው። ስማቸውም የፊልሙ ንብረት ሆነ። ሔዘር ከዓመታት በኋላ ስሟን ቀይራ ሬይ ሃንስ ተባለች። በ2024 ሌላ አዲስ «ብሌር ዊች» ሊሠራ መሆኑ ሲነገር ሦስቱም በአደባባይ ደብዳቤ ጻፉ። ተገቢው ክፍያ ይሰጠን፣ ስማችንና ምስላችን ሲነካ አማክሩን አሉ። በየዓመቱ ለጀማሪ ፊልም ሠሪ 60 ሺህ ዶላር እንዲሰጥም ጠየቁ። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ የመጣ ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። ወሬው «ሞተዋል» ብሎ ሸጣቸው። በሕይወት ኖረው የድርሻቸውን ሲጠይቁ ሰሚ ማጣት የለባቸውም።

ፊልሙን ላላየ ሰው የምመክረው ጥቂት ነው። ከሰው ጋር በጫወታ መሐል አትዩት። መብራቱን አጥፉ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ፈንዲሻውን ቀድማችሁ አምጡ። ጠንቋይዋን አትጠብቁ። ዝም ብላችሁ ስሙ።

እሁድ ማታ ልጁ «እስቲ መጨረሻውን ብቻ ድገምልኝ» አለኝ። መብራቱን አጠፋን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ግድግዳውን ስለሚያየው ሰው ነገርኩት፣ ስለ ሁለቱ ካሜራዎችም ነገርኩት። ሔዘር ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ወደ ቲቪው ጠጋ አለ። ድምፁ ከሩቅ መጣ። ቀረበ። ካሜራው ወደቀ።

ልጁ ሪሞቱን አንስቶ ቲቪውን አጠፋው። ትንሽ ቆየና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ አልጠፋም እንዴ? ድምፅ አለ እኮ።»

ከኮረብታው ላይ፣ ከባህር ዛፉ ውስጥ፣ ጅቡ ነበር የሚጮኸው። መስኮቱን ሊዘጋ ተነሳ፣ ክፍሉ መሐል ላይ ቆመና «አንተ ዝጋው» አለኝ።